የሚነበበውን ስለ ማስተዋል፤ በኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ታሪክ ላይ የተሰጠ ሐተታ

በግብረ ሐዋርያት በምዕራፍ ፰ ከቍጥር ፳፮ እስከ ቍጥር ፵ የተጻፈው የኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ታሪክ በየጉባኤው ሲነሣ ብዙውን ጊዜ ስለ ጥምቀቱ ይነገራል። ይህም የሚገባ ነው። ነገር ግን ወደ ውኃው ከመውረዱ አስቀድሞ በሠረገላው ላይ የሆነውን ቀስ ብሎ ለተመለከተ ሰው፥ መምህር እንዴት ሊያስተምር ተማሪም እንዴት ሊማር እንደሚገባው የሚያሳይ ሙሉ ጉባኤ በዚያ ተዘርግቶ ይገኛል። ወንበሩ ሠረገላ ነው፤ ተማሪው ባለሥልጣን፥ መምህሩ በእግሩ የመጣ መንገደኛ፥ መጽሐፉም ትንቢተ ኢሳይያስ ነው።

ስለ ተማሪው አስቀድሞ ጥቂት ይነገር። ይህ ሰው የንግሥት ሕንደኬ ባለሟል፥ በግምጃ ቤቷም ሁሉ ላይ የተሾመ ነበረ። ሕንደኬ የሚለው የአንዲት ሴት የተጸውዖ ስም ሳይሆን በዓባይ ወንዝ አጠገብ በመርዌ የነገሡ ንግሥታት መጠሪያ መሆኑን የታሪክ ጸሓፊዎች ያስረዳሉ፤ የጥንት ግሪኮችም ኢትዮጵያ ሲሉ ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን አገር ሁሉ ይሉ ነበር። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግን ይህን ሰው የራሷ በኵር አድርጋ ትቈጥረዋለች። ለዚህ ሐተታ የሚያስፈልገው ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ጃንደረባው ያልተማረ ሰው አለመሆኑ ነው። ፊደል ያውቃል። በዚያ ዘመን በእጅ ተጽፎ በብዙ ገንዘብ ብቻ የሚገኘው መጽሐፍ የገዛ ራሱ ነው። ለመስገድ ከሩቅ አገር እስከ ኢየሩሳሌም ደርሷል። ከዚህም ጋራ በመንገድ እንኳ ሳያርፍ ያነብባል። ገንዘብ፥ መጽሐፍ፥ ንባብ፥ ትጋት፤ ብዙ ሰዎች ከእነዚህ አንዱን ብቻ ይዘው ተምረናል ሲሉ ይሰማሉ፤ እርሱ አራቱንም ይዞ ገና አልገባኝም አለ።

ፊልጶስ ወደ ሠረገላው በሮጠ ጊዜ ሲያነብ ሰማው ይላል። የጥንት ሰዎች ብቻቸውን ሳሉ እንኳ ድምፅ አሰምተው ያነቡ ነበርና ነው። ድምፁን ሰማ፤ ከድምፁ ግን ልቡ ምን እንደ ያዘ ማወቅ አልቻለም። ጥርት ያለ ንባብ የገባውንም ያልገባውንም ሰው አንድ ያስመስላልና። ስለዚህ ስብከት አልጀመረም፤ ጠየቀ። የምታነበውን ታስተውለዋለህን የሚል ፍቺ ያለው አጭር ጥያቄ ነው። በግሪኩ ንባብ በዚህ ጥያቄ ውስጥ ሁለት ቃላት እርስ በርሳቸው ይመሳሰላሉ፤ ማንበብ የሚባለው ቃል ማወቅ ከሚባለው ቃል የወጣ ሆኖ፥ በፊቱ የተጨመረው ቅጥያ ዳግመኛ የሚል ስሜት ይሰጠዋል። እንዲህ ከሆነ ማንበብ ዳግመኛ ማወቅ ያሰኛል። የግእዙም ቃል የራሱ ምሥጢር አለው፤ ነበበ ማለት ተናገረ ነው፥ አንበበ ከዚያው የወጣ ነውና አናገረ ያሰኛል። መጽሐፉን አናገረው፥ ዝም ብሎ የተኛውን ጽሕፈት አፍ አወጣለት ማለት ነው። እንግዲህ መጽሐፉ እንዲናገር ያደረገ ሰው ሊሰማው ይገባል፤ የሚያናግሩትን አለመስማት በሰው ፊትም ነውር ነው።

የጃንደረባው መልስ ለመኳንንት ሁሉ ሊታሰብ የሚገባው ነው። የሚመራኝ ከሌለ እንዴት ይቻለኛል በማለት አለማወቁን ገለጠ፤ ይህንም የተናገረው ሠረገላ ነጂው እየሰማ ነው። በሥልጣን ላይ ያለ ሰው በሚያዛቸው ሰዎች ፊት አላውቅም ማለት እንዴት እንደሚከብደው የታወቀ ነው። እርሱ ግን አልከበደውም፤ ፊልጶስንም ወጥቶ ከእርሱ ጋራ እንዲቀመጥ ለመነው። አለማወቅን መናዘዝ የማሰላሰል የመጀመሪያው ደጅ ነው፤ አውቄዋለሁ ያለ ሰው ተመልሶ የሚያስብበት ምክንያት የለውምና።

ከዚህ በኋላ ጃንደረባው ራሱ ጠየቀ። የጥያቄውም አኳኋን ሰውዬው ፊልጶስ ሳይመጣ ብዙ ሲያወጣና ሲያወርድ እንደ ቈየ ይመሰክራል። ያነበው ከምዕራፍ ፶፫ ወደ መታረድ ስለ ተነዳው፥ በሸላቾቹም ፊት ዝም ስላለው በግ የሚናገረውን ስፍራ ነበረ። እርሱም ይህ ምን ማለት ነው ብሎ በጥቅሉ አልጠየቀም፤ ነቢዩ ይህን የሚለው ስለ ራሱ ነው ወይስ ስለ ሌላ ሰው ብሎ ጠየቀ። ለሁለት ከፍሎ፥ ሁለቱንም መዝኖ፥ የሚያዘነብልበትን አጥቶ የቆመ ሰው ጥያቄ ነው። የኢትዮጵያ ሊቃውንት በትርጓሜ ጉባኤ አንድም እያሉ የሚያወርዱት አፈታት በዚህ ሰው አፍ ተጀምሮ ይገኛል ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ አንድም ስለ ራሱ፥ አንድም ስለ ሌላ። ያላሰበ ሰው ጥያቄ የለውም፤ ቢኖረውም ሰፊና ልቅ ነው። ያሰበ ሰው ጥያቄ ግን ጠባብ ስለ ሆነ መልሱ የሚገባበትን በር ያሳያል።

መምህሩም ያን በር አልሳተውም። ከዚያው መጽሐፍ ጀምሮ አስተማረው ይላልና። ፊልጶስ በሰማርያ ለብዙ ሕዝብ የሰበከ ሰው ነበረ፤ የተዘጋጀ ትምህርት አልጐደለበትም። ነገር ግን ተማሪውን ከቆመበት አንሥቶ ወደ ራሱ ትምህርት አልጐተተውም፤ ራሱ ወደ ተማሪው ጥያቄ ወረደ። መንገዱም ረዳቸው። ከኢየሩሳሌም እስከ ጋዛ ወደ ፹ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሠረገላም ቀስ ብሎ የሚሄድ ነገር ነው። ነገሩ በልብ እስኪበስል ድረስ ጊዜ ያስፈልጋል፤ በአንድ ቀትር ሦስት ምዕራፍ ለመጨረስ የሚቸኵል ጉባኤ ይህን ጊዜ ከየት ያመጣዋል?

ዳግመኛም ከጥምቀቱ በኋላ ፊልጶስ ተነጠቀ፥ ጃንደረባውም ወደ ፊት አላየውም ይላል። ምነው ቢሉ፥ መምህሩ ሥራውን ስለ ፈጸመ ነው። አንድም ተማሪው ከዚያ ወዲያ መጽሐፉን ይዞ ብቻውን መሄድ ስለ ቻለ ነው። በ፪ኛው መቶ ዓመት የነበረው ሊቅ ሄሬኔዎስ ይህ ጃንደረባ ወደ አገሩ ተመልሶ ያመነውን እንደ ሰበከ ጽፏል። መምህሩ ሳይለየው እስከ ኢትዮጵያ ቢከተለው ኖሮ፥ እርሱ ዕድሜ ልኩን ሲጠይቅ ይኖር ነበር እንጂ ለሌላ የሚጠየቅ አይሆንም ነበር።

ይህን የማሰላሰልን ነገር ብሉይ ኪዳን በእንስሳ መስሎ አስተምሯል። በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ ፲፩፥ በኦሪት ዘዳግምም በምዕራፍ ፲፬ ንጹሕ የተባለው እንስሳ ሁለት ምልክት አለው፤ ሰኰናው የተሰነጠቀ ነው፥ ደግሞም ያመሰኳል። ሄሬኔዎስም፥ የእስክንድርያው ቀሌምንጦስም ማመስኳትን የእግዚአብሔርን ቃል ቀንና ሌሊት መልሶ መላልሶ ከማሰብ ጋራ አመሳስለው ተርጕመውታል። ላም ያላት ሰው ይህን ምሳሌ ለመረዳት አይቸገርም። ላም በመስክ ሳለች አትመርጥም፥ አታደቅም፤ ፈጥና ትነጫለች፥ ፈጥናም ትውጣለች። የዋጠችው ሣር ግን ገና ምግብ አልሆናትም። ከጥላ በታች በተኛች ጊዜ የዋጠችውን ወደ አፏ መልሳ ቀስ ብላ ታላምጠዋለች፤ ሥጋም ወተትም የሚሆነው ከዚህ በኋላ ነው። ከመስክ ወደ መስክ ያለ ዕረፍት ስትነዳ የምትውል ላም ሆዷ ቢሞላም እንደ ተራበች ናት። ተማሪም እንዲሁ ነው።

ግመል ግን ያመሰኳል፥ ሰኰናው ግን እንደ ሕጉ አልተሰነጠቀም፤ እሪያም ሰኰናው ተሰንጥቋል፥ ግን አያመሰኳም፤ ሁለቱም ርኵሳን ተባሉ። ይህ እንደ ምን ነው ቢሉ፥ ብዙ እያሰበ እውነቱን ከሐሰቱ የማይለይ ሰው እንደ ግመሉ ነው፤ ፈጥኖ እየለየ፥ ፈጥኖም እየፈረደ፥ ወደ ፈረደው ነገር ግን ተመልሶ የማያይ ሰው እንደ እሪያው ነው። በዳኝነት ወንበር የሚቀመጡ ሰዎች ከሁለተኛው እጅግ ሊጠነቀቁ ይገባል፤ ፈጣን ዳኛ በሕዝብ ዘንድ ይመሰገናልና፥ ምስጋናው እንደ ገና ከመመርመር ያዘናጋዋል።

በመዝሙር ፩ ብፁዕ የተባለው ሰው ምን ያደርጋል ቢሉ፥ ግእዙ ያነብብ ሲል አማርኛው ያስባል ብሎ ተርጕሞታል። ሁለቱ የተለያዩ ይመስላሉ፤ የዕብራይስጡ ቃል ግን ሁለቱንም ይይዛል። በለሆሳስ ማጕረምረም ማለት ነውና። ኢሳይያስም በምዕራፍ ፴፩ ይህንኑ ቃል አንበሳ በያዘው ግዳይ ላይ ሲያጕረመርም ለሚያሰማው ድምፅ አድርጎታል። አንበሳ የያዘውን አይለቅም፤ እረኞች ቢጮኹበትም አይደነግጥም። ብፁዕ የተባለው አንባቢ በቃሉ ላይ እንዲህ ያለ ነው።

ወደ ሐዲስ ኪዳን ሲመለሱ፥ በሉቃስ ወንጌል በምዕራፍ ፪ ሁለት ነገሮች ተቀራርበው ተጽፈዋል። ጌታ በ፲፪ ዓመቱ በቤተ መቅደስ በመምህራን መካከል ተቀምጦ ሲሰማና ሲጠይቅ ተገኘ፤ እናቱና ዮሴፍም የነገራቸውን ነገር አላስተዋሉም። ከዚህ ቀጥሎ ወንጌላዊው ስለ እመቤታችን ሲናገር ይህን ሁሉ በልቧ ትጠብቀው ነበር ይላል። ይህ ስፍራ በንባብ ሲታለፍ ቀላል ይመስላል። ጠለቅ ብሎ ሲያዩት ግን፥ በልቧ የጠበቀችው የገባትን ብቻ ሳይሆን ያልገባትንም እንደ ሆነ ያስተምራል። ብዙ ተማሪ ያልገባውን ነገር ወዲያው ይጥለዋል፤ ወይም ያፍርበትና እንደ ገባው ሆኖ ያልፈዋል። እርሷ ግን ሁለቱንም አላደረገችም፤ ያልተፈታውን እንዳልተፈታ አቆየችው። ቃል በልብ ውስጥ እንደ ዘር ነው፤ የሚበቅልበትን ቀን የሚያውቅ የለም። መምህርም ለተማሪው ሁሉን ዛሬ እወቅ ሊለው አይገባም፤ ይህን ያዘው፥ ቈይተህ ታገኘዋለህ የሚለው ነገር ይኖረዋልና።

በኢትዮጵያ አብነት ትምህርት ቤቶች ይህ ነገር ሥርዓት ሆኖ ኖሯል። ይልቁንም በቅኔ ቤት። መምህሩ ቅኔውን ነግሮ መንገዱን ካሳየ በኋላ ተማሪው ከሰው ተለይቶ ወደ ዱር ወይም ወደ ዛፍ ጥላ ይሄዳል፤ በዚያም ቅኔ ሲቈጥር ይውላል። የሚጀምረው ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ነው፤ ቀስ በቀስም ስምንት ቤት እስካለው እስከ መወድስ ይደርሳል። የሰም ቃሉን ይፈልጋል፥ ወርቁን ይፈልጋል፥ ሁለቱን የሚያስማማ ግሥ ያጣና ያፈርሰዋል፥ ደግሞ ይሠራዋል። ወደ መምህሩ ተመልሶ ሲነግር መምህሩ ያርመዋል፤ አንዳንዴም በአንዲት ቃል ብቻ የቀኑን ድካም ሁሉ ይንደዋል። የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ መቅረብ አይጠቅመውም፥ የትናንቱም ለዛሬ አይሆንም። በዋሸራም፥ በጎንጅም፥ በዋድላም የመንገዱ ልዩነት እንዳለ ሆኖ፥ ብቻን ተቀምጦ ማሰብ ግን የሁሉም ነው። ለልጆች ሌላ ትምህርት የሚያዘጋጁ ሰዎች ከዚህ ቤት የሚማሩት ነገር አለ፤ የአንድ ቀን እኩሌታ ለዝምታ የሚተውበት ሌላ ትምህርት ቤት በቀላሉ አይገኝምና።

በትርጓሜ ቤትም ንባቡ ይነበባል፥ ነጠላ ፍቺው ይነገራል፥ ከዚያም አንድም እየተባለ ምሥጢሩ ይወርዳል። ሊቃውንቱ ብዙውን ፍቺ ጐን ለጐን ያቆዩት አንዱን መምረጥ ስላቃታቸው አይደለም፤ የላይ ቤትና የታች ቤት የተባሉት የጎንደር መምህራን የተለያዩበት ስፍራ እንዳለ የታወቀ ነው፥ እያንዳንዱም ለፍቺው ምክንያት አለው። ተማሪው ምክንያቱን ከምክንያት ጋራ እንዲመዝን ነው። ይሁን እንጂ እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ፥ ሳይነገር ሊቀርም አይገባም። አንድም የሚለው ራሱ ሳይመዘን በቃል ብቻ የተያዘ እንደ ሆነ፥ ለማሰላሰል የተሠራው መሣሪያ ተመልሶ ሸክም ይሆናል። አምስት አንድም የሚያወርድ፥ ሁለተኛው ከሦስተኛው በምን እንደሚለይ ቢጠየቅ ግን ዝም የሚል ደቀ መዝሙር ያጋጥማል። የዚህ ጥፋት ከተማሪው ይልቅ ሳይጠይቀው ያሳለፈው መምህር ነው።

እዚህ ላይ ምናልባት አንዳንድ ሰው ይህ ሁሉ በቃል መያዝን ማቃለል ነው ይል ይሆናል። አይደለም። ያልዋጠች ላም የምታመሰኳው የላትም። ዳዊትን በቃሉ የያዘ ሰው በጨለማም፥ በመንገድም፥ በሕመም አልጋም ላይ የሚያሰላስለው አለው፤ መጽሐፉን ዘግቶ የሚረሳ ሰው ግን መብራት ከጠፋ ልቡም ባዶ ነው። ቃል ሳይዙ ማሰብ ብዙውን ጊዜ በገዛ ምኞት ዙሪያ መዞር ነው። ጥያቄው በቃል መያዝ ይገባል ወይስ አይገባም የሚል አይደለም፤ ከተያዘ በኋላ ምን ይደረጋል የሚል ነው እንጂ። ያዕቆብ በመልእክቱ በምዕራፍ ፩ መልኩን በመስተዋት አይቶ ሲሄድ ወዲያው ምን እንደሚመስል ስለሚረሳ ሰው ይናገራል። መስተዋቱ ጉድለት የለበትም፥ ሰውየውም ዕውር አይደለም፤ ያጠፋው ቶሎ መሄዱ ነው።

ለሹማምንት ደግሞ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅም ምሳሌ በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልእ በምዕራፍ ፲፪ ይገኛል። ነቢዩ ናታን ወደ ንጉሥ ዳዊት ሲገባ ኃጢአቱን ያውቃል፤ ሊናገረውም ተልኳል። በቀጥታ ቢናገረው ግን ንጉሥ ለመልስ አያጣም። ስለዚህ ስለ አንድ ባለጠጋና አንዲት በግ ብቻ ስላለችው ድኻ ነገረው፤ ንጉሡም ተቈጥቶ በግ ወሳጁ አራት እጥፍ እንዲከፍል ፈረደ። ከፈረደ በኋላ ነው ነቢዩ ያ ሰው ንጉሡ ራሱ እንደ ሆነ የገለጠለት። ናታን ፍርዱን ለዳዊት አልሰጠውም፤ ዳዊት ራሱ አስቦ እንዲያገኘው አደረገ። ከውጭ የመጣን ፍርድ መሸሽ ይቻላል፤ ከገዛ አፍ የወጣን ግን ወዴት ይሸሹታል? ዳዊትም አልሸሸም።

የቀረው የመምህሩ ነገር ነው። ያዕቆብ በምዕራፍ ፫ መምህራን የሚበልጥ ፍርድ እንደሚቀበሉ ያስጠነቅቃል። ምክንያቱም ግልጥ ነው፤ የተማሪ ስሕተት በአንድ ሰው ላይ ይቀራል፥ የመምህር ስሕተት ግን በየዓመቱ ከወንበሩ ሥር ይባዛል። ስለዚህ ለብዙ ዓመት ያስተማሩትን ነገር እንደ አዲስ መመርመር ለመምህር ዕረፍት ሳይሆን ሥራው ነው። ደጋግ ሊቃውንት ይህን አውቀው ሥራቸውን ከአንድ ሰው ዕድሜ በላይ አድርገው አስበውታል። መምህር ክፍለ ጊዮርጊስ የጀመሩትን የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት ለደቀ መዝሙራቸው ለአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ አደራ አሉ፤ አለቃም ቃሉን ከዕብራይስጥና ከሌሎች ቋንቋዎች ጋራ እያመሳከሩ ብዙ ዘመን ሠሩበት፥ ሳያሳትሙትም በ፲፱፻፴፮ ዓ. ም. ዐረፉ። ደስታ ተክለ ወልድ ጨርሰው በ፲፱፻፵፰ ዓ. ም. አሳተሙት። አንድ መጽሐፍ በሦስት ሰዎች ልብ ውስጥ አለፈ ማለት ነው፤ ዛሬም የግእዝ ተማሪ አንድን ግሥ ፈልጎ በሚገልጠው ጊዜ የሚያገኘው የዚያን ሁሉ ዘመን መመላለስ ነው።

ራሱን ስለሚመረምር መምህር የሚናገረው ታሪክ ግን በዚያው በግብረ ሐዋርያት በምዕራፍ ፲፰ የተጻፈው የአጵሎስ ነው። አጵሎስ የእስክንድርያ ተወላጅ፥ አንደበተ ርቱዕ፥ በመጻሕፍትም ብርቱ ነበረ፤ በኤፌሶን ምኵራብም በድፍረት ይናገር ነበር። የሚያውቀው ግን የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነበረ። የተናገረው ሐሰት አልነበረም፤ ጎደሎ ነበረ፥ ጎደሎነቱንም ለሚያደንቁት ሰዎች የሚገልጥ አልነበረም። ድንኳን ሰፊዎቹ አቂላና ጵርስቅላ ሰሙት። በሸንጎ ተነሥተው አልተቃወሙትም፥ አላሳፈሩትምም፤ ወደ እነርሱ ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ ከፊት ይልቅ አጥርተው ገለጡለት። የእስክንድርያ ትምህርት ያለው ሰው ከባልና ሚስት የእጅ ሠራተኞች ለመማር መቀመጡን መጽሐፍ በአንዲት ዐረፍተ ነገር ያልፈዋል፤ ጸሓፊው ስለ እምቢታም ስለ ክርክርም አንዳች አልጻፈም። ምን ያህል ቀን እንዳሰበበት፥ ቀድሞ ካስተማራቸው ቃላት የትኞቹን ተመልሶ እንዳረመ አልተነገረም። የተነገረው ከዚህ በኋላ ወደ አካይያ ሊሄድ በወደደ ጊዜ ወንድሞች ደብዳቤ ጽፈው እንደ ሰደዱት፥ በዚያም ያመኑትን እጅግ እንደ ጠቀማቸው ነው።